የዋርሳሜ አህያ ጉዳይ

ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው አለ ይባላል። እኔ አላየሁም። ባደግሁበት አገር ክራባት ያሰረ ሰው ስማችሁን ወረቀት ላይ ጽፎ ከጠራችሁ፣ ወይ ግብር ቀርቶባችኋል፣ ወይ ድንበር ገፍታችኋል፣ ወይ ጎረቤታችሁ ድንበር ሲገፋ ቆማችሁ አይታችኋል። ሠርግና ተዝካር በወረቀት አይጠራም። ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ ይጣራል፣ ትሰማላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ አለቀ። ስለዚህ የኛ ሰው ወረቀት ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተደገሰ?» ብሎ ሳይሆን «ማን ከሰሰኝ?» ብሎ ነው። እናንተ ከተሜዎች ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። ፍርድ ቤት ደጅ ስድስት ዓመት ተቀምጣችሁ የማታውቁ ሰዎች ብትስቁ አይፈረድባችሁም። ብቻ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው፣ አንድ ቀን ተጠርቶ ሄዶ የተመለሰ ሰው መሆን አለበት እላለሁ።

ይህን የማነሳው ሐርጌሳ ላይ ተጠርቼ ሄጄ ስለገጠመኝ ነገር ልነግራችሁ ብዬ ነው። ነገሩ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። እናንተ ከገባችሁ መልካም።

እኔ የወሎ ገበሬ ነኝ። ጦርነቱ ቀበሌያችን ሲደርስ ማሽላው ገና አልታጨደም ነበር። ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን እንደሚዋጋ ለማስረዳት ብሞክር እኔም አልጨርሰው፣ እናንተም አትጨርሱት። ለኛ ጦርነት ማለት ጠዋት አንዱ መጥቶ «የማን ወገን ነህ?» ማለቱ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላው መጥቶ ያንኑ መጠየቁ ነው። የማሽላው ወገን ነኝ አይባል ነገር። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች። በሬዎቼን ለወንድሜ ሰጥቼ፣ በጅጅጋ አድርጌ፣ የኛዋ የወሎዋ ሳትሆን የድንበሯ ውጫሌ ላይ ተሻግሬ፣ ሐርጌሳ የምትኖረው ልጄ ታንጉት ዘንድ ገባሁ። ድንበሩ ላይ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ቀን ተቆርጦለታል።

ታንጉት የምትሠራው ሒቦ የምትባል ሴት ቤት ነው። ሒቦ ሶማሌ ናት፤ ነገር ግን ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ አንቱታ የሚባል ነገር ቤቱ ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ ቀን በር ላይ ስቆም «አንተ አባባ፣ ግባ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» አለችኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተደፍሬም፣ እንደዚያ በፍቅር ተስተናግጄም አላውቅም። የትኛውን እንደምቀበል ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም ተቀበልኩ።

ከታንጉት ጋር የተከራየናት ክፍል ዳሚ ሰፈር ናት። ውሃ የሚያመጣልን ዋርሳሜ የሚባል ባለ ጋሪ ነው፤ በአህያ በርሜል ይጎትታል። ጅጅጋ ሲሠራ የለቀማት አማርኛ አለችው። እሱ ደግ ሰው ነው። የአህያዋ ደረት ግን ደግነቱን አይመሰክርም ነበር። ገመዱ ቆዳዋን በልቶ ሥጋ ላይ ደርሷል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው ያደግሁት። ነገር ግን የቆሰለ እንስሳ ባለቤቱ ፊት ቆሞ እያየኝ ዝም ማለት አልችልም። ሁለት እንጨት በእሳት ለብልቤ አጎበጥኩ፣ እንደ ቀንበር ማነቆ ከላይና ከታች አሰርኩ፣ በፍየል ቆዳ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቄ መደላድል ሰፋሁ፣ ጭነቱ ከደረቷ ወጥቶ ትከሻዋ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ቁስሉ በአንድ ወር ደረቀ። ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

ለልጄ ግን አላለቀም። ለካ መደላድሉን በስልኳ አንስታ ለሒቦ አሳይታለች። ሒቦ የምትሠራበት ኩባንያ ደግሞ «የከተማውን ሥራ የሚያቀልል ዲዛይን» ብሎ ውድድር አውጥቶ ኖሯል። ሁለቱ ሴቶች ተማክረው ላኩት። እኔ የሰማሁት ወረቀቱ ሲመጣ ነው።

«አባዬ፣ ፋይናሊስት ሆኑ እኮ!» አለች ታንጉት እየሮጠች ገብታ።

«ምን ሆንኩ?»

«ፋይናሊስት። ከዚያ ሁሉ ሰው መጨረሻ ላይ ከቀሩት አራት ሰዎች አንዱ።»

«መጨረሻ መቅረት ያስመሰግናል?»

አስረዳችኝ። አንደኛ የወጣ ሰው የኩባንያው ወርክሾፕ ውስጥ የአንድ ዓመት ሥራ ያገኛል፤ ከሥራው ጋር የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣለታል። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ድንበር ላይ የተሰጠኝ ወረቀት ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካበቃ መመለሻዬ ወደ ቀበሌዬ ነው፤ ቀበሌዬ ውስጥ በዚያ ሰሞን ከመድፍ በቀር የቀረ አልነበረም።   ሁለታችንም የድንበሩን ወረቀት አየነው።

የጥሪው ወረቀት ግርጌ ላይ አንድ መስመር ነበረች። «አንድ ሰው ይዘው እንዲመጡ» ትላለች ብላ ተረጎመችልኝ።

አሁን ፍረዱ። ሹመኞች ይጠሩኛል፣ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፣ ስለ ሠራሁት ነገር እጠየቃለሁ፣ ውሳኔ ይሰጣል፣ አንድ ሰውም ይዤ መቅረብ አለብኝ። ያ ሰው ዋስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ታንጉት ውድድር ነው ብትለኝም ውድድር አውቃለሁ፤ ፈረስ ይሮጣል፣ ሰው ይሮጣል። ተቀምጠው የሚወዳደሩበት ነገር ክርክር ነው። እንዲህ ብዬ አስቤ ዋርሳሜ ዘንድ ሄድኩ።

«ዋስ ትሆነኛለህ?» አልኩት።

«ምን ሠራህ?»

«አህያህን አዳንኩ።»

«ለዚህ ይከሳሉ?»

«እኔ እንጃ። ወረቀት መጣ።»

ዋርሳሜ ጺሙን እያሻሸ አሰበ። «እሺ። አህያዋም ትምጣ?»

«አልተጠራችም።»

በዚያ ሳምንት ታንጉት ያላትን አንድ ደህና ቀሚስ አጥባ ስትተኩስ፣ ጸጉሯን ስትሠራ አይቻለሁ። የሆነ በዓል ደርሶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በቀኑ ዋርሳሜ አዲስ ሽርጥ ታጥቆ፣ ሽቶ ተቀብቶ በራችን ላይ ቆሞ «ዋስ መጣ!» ሲል፣ ልጄ በቀሚሷ እንዳለች ደርቃ ቀረች።

«አባዬ፣ አንድ ሰው የተባለው እኮ…»

«ምን?»

«ምንም። ይሂዱ።»

ልጄ በእኔ ወጥታለች። ዝም ስትል አጥንት ድረስ ነው።

ሆቴሉ አዳራሽ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ወንበሮቹን ነው። ቀሚስ ለብሰዋል። እያንዳንዱ ወንበር እስከ መሬት የሚደርስ ነጭ ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ አረንጓዴ መቀነት። ባለ ቀሚስ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ዋርሳሜን አየሁት፣ እሱም አየኝ፤ ሌሎቹ ሲቀመጡ እስክናይ ድረስ ቆምን። አንዲት ልጅ መጥታ ስሜ የተጻፈበት ካርድ በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። በዚያን ጊዜ የአህያዋ ስሜት በመጠኑ ገባኝ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከባለቤቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ነው የመጡት። ዋስ ይዞ የመጣ እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎቹ በራሳቸው እንዴት ቢተማመኑ ነው አልኩ።

መደላድሌን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ አኑረው መብራት አብርተውበታል። ያለ አህያ። አንገት የሌለው መደላድል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሬሳ የወጣበት አልጋ ይመስላል።

ምግብ መጣ። ሩዝ፣ በሩዙ ላይ የግመል ሥጋ፣ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ። ሙዙን ለኋላ ብዬ ስተወው፣ ዋርሳሜ የራሱን ልጦ ከሩዙ ጋር አብሮ ጎረሰው። ዙሪያዬን ባይ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። የግመሉን ነገር እንዴት ብዬ እንደማልፈው ስጨነቅ ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። ጾም እንደዚያ ቀን ወዳጄ ሆኖ አያውቅም። ሩዝ በሙዝ በላሁ። አይከፋም። ግን ዋና ምግብ ነው ወይስ ማወራረጃ፣ ሳይለይልኝ አለቀ።

ወደ ሴቶቹ ወገን ቀና ስል ታንጉት ሒቦ አጠገብ ተቀምጣለች። ሒቦ በራሷ ጥሪ ይዛት መጥታ ኖሯል። ልጄ አየችኝና ፈገግ ሳትል ራሷን ነቀነቀች። የድንበሩን ወረቀት እንዳሰበች አወቅሁ።

ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በየተራ ተነስተው ብዙ ተናገሩ። ሦስተኛዋ ኢንጂነር ናት ተባለ፤ ደርባባ ወጣት። ግድግዳ ላይ በመብራት ሥዕል አሳየች፤ በፀሐይ ኃይል ራሱን ችሎ የሚሄድ የውሃ ጋሪ። ዋርሳሜ ደነገጠ።

«አህያ የለም?» አለኝ በሹክሹክታ።

«የለም።»

«ባለ ጋሪውስ?»

ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። «እሱም የለም።»

«የት ሄድኩ?» አለኝ ዋርሳሜ።

ተራዬ ደረሰ። ጋቢዬን ዳኛ ፊት እንደሚደረገው አደግድጌ፣ ዓይኔን ሰብሬ ቆምኩ። ሒቦ ልትተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች።

«ይህን ለመሥራት ምን አነሳሳህ ይሉሃል።»

«ቁስሉ።»

ጠበቀች። «ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«አቦ ትንሽ ተናገር እንጂ አባባ! የሥራ ነገር ነው!»

«ዋሴ ይናገር።»

ዋርሳሜ ተነስቶ ቀኝ እጁን አንስቶ «ወላሂ!» ብሎ ጀመረና፣ በሶማሊኛ ስለ አህያዋ አንድ ነገር ከልቡ ተናገረ። መሐል ላይ የራሱን ደረት ገልጦ ገመዱ የት ይበላት እንደነበር በጣቱ አሳየ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኞቹ ጻፉ። ሲጽፉ ደስ አለኝ፤ ቃሉ መዝገብ ላይ ሰፈረ ማለት ነው። ከዚያ አንዷ ዳኛ ወደፊት ራእይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

«ባሕታዊ አይደለሁም» አልኩ።

ሒቦ ለአፍታ አየችኝና ወደ ዳኞቹ ዞራ መተርጎም ጀመረች። እኔ የተናገርኩት ሁለት ቃል ነው። እሷ እጇን እያወናጨፈች፣ ድምጿን እያነሳችና እየጣለች፣ አንዴም ወደ ሰማይ እያመለከተች ቆየች። ስትጨርስ ሰዉ አጨበጨበ። ያን ቀን ምን እንደተናገርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውሳኔው ተነበበ። ባለ ሥዕሏ ልጅ ረታች።

ቋንቋውን ባልሰማም ከሒቦ ፊት ላይ አነበብኩት። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ሙዚቃ ተከፍቷል፣ ለተቀረነው የኩባንያው ምልክት ያለበት ቦርሳ ሊሰጡን ተሰልፈዋል። እኔ ያየሁት ልጄን ነው። ሻሿን አፏ ላይ ጭና ጠረጴዛውን ታያለች። ጥቂት ቀን፣ ከዚያ ውጫሌ፣ ከዚያ መድፉ። በዕድሜዬ ሙሉ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዳኛ ሲፈርድብህ ከወንበሩ ሳይነሳ መናገር እንዳለብህ ነው። ከተነሳ አለቀ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። ከደረቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ይግባኝ!»

ሙዚቃው ቆመ። ያልቆመ ሹካ አልነበረም።

«ምን አልክ አንተ?» አለች ሒቦ።

«ይግባኝ ብያለሁ። ተርጉሚ።»

«አባባ፣ ይሄ ውድድር ነው። ይግባኝ የለውም።»

«ዳኛ አለ?»

«አለ።»

«ፍርድ ተሰጠ?»

«ተሰጠ፣ ግን…»

«እንግዲህ።»

ከፊት ጠረጴዛ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። የኩባንያው ሊቀመንበር ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል። ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ጋቢዬን አጠበቅሁ። ሐጂ ግን ቆመው አዩኝና፣ ከየት እንዳመጡት በማላውቀው የጥንት ችሎት አማርኛ «የይግባኙ ምክንያት ይሰማ» አሉ።

«ያልተሠራ ነገር የተሠራን ረታ» አልኩ። «ደግሞም አህያዋ አልታየችም። የኔ ዕቃ ያለ አህያ ዕቃ አይደለም።»

ሐጂ ለአዳራሹ ተረጎሙት። ያሸነፈችው ልጅ ተነስታ አንድ ነገር ስትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። «ምን አለች?» ብል ሒቦ፣ «እኔም አህያዋን ማየት እፈልጋለሁ አለች» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ክርክር ላይ እንደዚህ ያለ ባላንጣ አይገኝም።

ሦስቱ ዳኞች ወደ ሐጂ ተጠግተው ተንሾካሾኩ። ሐጂ አገጫቸውን በከዘራው ራስ ላይ አሳርፈው ሰሙ። ከዚያ ተናገሩ፤ የልጅቱ ሽልማት አይታገድም፤ የእኔ ይግባኝ ግን ተቀባይነት አግኝቷል፤ አህያዋ ባለችበት ይመረመራል፤ ለሦስት ወር ተቀጥሯል። ጸሐፊዋ ወረቀት አምጥታ ጻፈች፣ ማኅተም ረገጠችበት፣ ሰጠችኝ።

ቀጠሮ! ባሕር አቋርጬ ባልመጣም በረሃ አቋርጬ የመጣሁት ከዚህ ሁሉ ሸሽቼ ነው፤ እሱ ግን ቀድሞኝ ደርሶ ወንበር ይዞ ይጠብቀኛል። ወደ ቤት ስንሄድ ታንጉት ብዙ መንገድ ከፊታችን ቀድማ ሄደች። ከዚያ «አባዬ፣ አሳፈሩኝ» አለች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ከኋላችን ዋርሳሜ ቦርሳውን ተሸክሞ፣ «ዋስነቴ አለቀ ወይስ ገና ነው?» እያለ ይጠይቃል። 

ወረቀቴ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ልሰናበት ነበር። ያለኝን ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጸሐፊው የኩባንያውን ደብዳቤ አንስቶ ሁለቴ አነበበ። ታንጉት ተረጎመችልኝ፤ «እዚህ ገና ያላለቀ ጉዳይ አለህ?»

«ይግባኝ አለኝ» አልኩ።

ጸሐፊው ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ምንም የለም። ማኅተሙን አየ። ራሱን አከከ። ከዚያ ከቀጠሮው በኋላ እስካለው ወር ድረስ አራዘመልኝ። እሱም የገባው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ወር ሐጂ በመኪና ዳሚ ድረስ መጡ። የአህያዋን ትከሻ ዳሰሱ፣ መደላድሉን አነሱ፣ መልሰው አኖሩ። ዋርሳሜ በወተት የተፈላ ሻይ አቀረበላቸው፤ ጠጡ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ግን በደረቅ መሬት ነው ያየሁት። ዝናብ ሲመጣ፣ ጭቃ ላይ ስትጎትት መታየት አለበት።» ጸሐፊዋ ጻፈች። ማኅተም። ሦስት ወር። መሥሪያ ቤቱም አራዘመ።

ዝናቡ መጣ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ደረሰ፤ አህያዋ ያለ ቁስል ጎተተች። የሰፈሩ ባለ ጋሪዎች ይህን እያዩ መደላድል ስፋልን ይሉኝ ጀመር፤ በዚያው እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሐጂ መጡ። ጭቃውን በከዘራቸው ወግተው አዩ። «ለወጣት አህያ ሆነ» አሉ። «ለአሮጌስ? ትንሽ ታርጅና እንያት።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። አህያ እስክታረጅ የሚቆይ ችሎት የት ይገኛል? ሰው ስለሆንኩ እኔም አብሬያት አረጃለሁ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ዳኛ ቢፈርድልኝም ቢፈርድብኝም እችላለሁ። ጉዳዬ መቼ ነው የሚወሰነው?»

ሐጂ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። «አገርህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይተኮሳል።»

«እንግዲያው መዝገቡ ገና አልተመረመረም።»

  ከዚያ ነገሩኝ። የእነሱ ጦርነት ጊዜ ይህ ከተማ ሲፈርስ፣ እሳቸው ሮጠው ጅጅጋ ገብተው ኖሯል። እዚያ በአንድ የጭነት መኪና ይገባኛል ክስ መሠረቱ። የኛ አገር ዳኛ ተቀብሎ ቀጠረላቸው፤ ደግሞ ቀጠረ፤ ደግሞ። በየቀጠሮው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ኬላ ላይ ማን ነህ ሲሏቸው እሱን ያሳያሉ። «አማርኛውን እዚያ ደጅ ላይ ተማርኩት» አሉ። «ያን ዳኛ በየቀጠሮው እየረገምኩት ነበር የምመለሰው። ምን ዓይነት ሰነፍ ነው እያልኩ።»

«በመጨረሻ ማን ረታ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ ሐጂ፣ ከዘራቸውን ይዘው እየተነሱ። «ሰላም ሆነና ትቼው መጣሁ።»

ጸሐፊዋ አዲሱን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩት። በዕድሜዬ ዳኛ ሳይፈርድልኝ ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው።